የጄኔራሉ ግማሽ ሪዝ

አባቴ የጄኔራሉን ሪዝ ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ተወው። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ከአንገታቸው ፈታ፣ ትከሻቸውን በብሩሽ ጠራረገና "ሙሽራ መስለሃል፣ ተነስ" አላቸው።

ጄኔራሉ ጦር ሜዳ ቀርቶ የዳኛ ፊሽካ እንኳ ነፍተው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ማዕረጉን ያገኙት ከሪዛቸው ነው። ጢማቸው ሲላጭ ሪዙ እንደማይነካ በአባቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ያለው ወንበር ሳይቀር ያውቃል። ጄኔራሉ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው የቀረውን ግማሽ በጣታቸው ዳሰሱ።

"ሰውዬ፣ ከማዕረግ የወረደ ሰው አይቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "በግማሽ የወረደ ግን የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

ወረፋ የያዙት ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን በመስታወቱ ውስጥ እጁን አየሁት፤ ምላጩን እንደያዘ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የጠፋው እጅ ነበር።

ስም መርሳት ማንም ይረሳል፤ እኔ ራሴ ቁልፌን በእጄ ይዤ እፈልገዋለሁ። ዕድሜ ልክ የሠሩት ሥራ መሐል መንገድ ላይ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። በቅርቡ አባቴ አንድ ደንበኛ ወንበር ላይ እንዳለ ያንኑ ቀልድ ሁለት ጊዜ ነገረው። ሰውየው ሁለተኛም የሳቀው ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለነበር ነው።

"አባዬ፣ ሐኪም ይይህ" አልኩት።

"ዓይኔ ነው። መነጽር እቀይራለሁ።"

"መነጽርህ እኮ አዲስ ነው።"

"እንግዲያው እሱ ነው ያልለመደኝ።"

ትዕግስት የለኝም። ጄኔራሉ ሌላውን ግማሽ ለማስላጨት ተመልሰው ሲቀመጡ ውል አቀረብኩለት። "ሦስት ቃል እነግርሃለሁ። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ከነገርከኝ ስለ ሐኪም ሁለተኛ አላነሳም። ካልነገርከኝ ዛሬውኑ እንሄዳለን።"

"ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ እኛኑ እንድትፈትኚ ነው?"

"ድልድይ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ" አልኩና ወጣሁ።

ስመለስ ፀጉር ቤቱ ጭጭ ብሏል። ወሬ የማይጠፋበት ቤት ነው፤ አላማረኝም። የጄኔራሉ ፊት እስከ ዓይናቸው ድረስ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። አባቴ ምላጩን አስቀምጦ መቀሱን አነሳና በሩ አጠገብ ወዳለው አናጢ ቀሰረው።

"ድልድይ" አለ አናጢው፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ።

መቀሱ ዞረ። "ሎሚ" አለ ከጋዜጣ ጀርባ ያለው ሾፌር።

ለካ ቃሎቹን ለወረፋተኛው አከፋፍሏቸው ኖሯል። መቀሱ ወደ ጄኔራሉ ዞሮ ቆመ።

"ጄኔራል፣ ተናገር እንጂ። ያንተን አደራ እኮ ነው የምጠይቅህ።"

"አልናገርም" አሉ ከአረፋው ውስጥ። "አሁን በዚያ ምላጭ የምትመጣው እኔ ላይ ነው። ሪዙስ ይሁን፣ ይበቅላል። ጆሮዬ ግን አይበቅልም። ቃሉን ካወቅከው ራስህ ንገራት።"

አባቴ ተከፍቶ ማበጠሪያዎቹን በቁመታቸው ያስተካክል ጀመር። ድሮም የተስተካከሉ ነበሩ። አልሳቅኩበትም፤ እንደሚረሳ ባያውቅ ኖሮ መች ያከፋፍላቸው ነበር።

"ከሄድኩ ምላጩን ትቀሙኛላችሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አልቀማህም ብዬ መዋሸት እችል ነበር። "ሐኪሙ እስኪያይህ ድረስ ምላጩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል" አልኩት። "መቀሱ ካንተ ጋር ነው። የደም ግፊት ክኒንህን እዚያው መሳቢያ ውስጥ ሳይከፈት አግኝቼዋለሁ። ሌሊት አትተኛም፤ አንድ ጆሮህ አይሰማም፣ አንተ ግን ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው ትላለህ። ምናልባት ከነዚህ የአንዱ ጣጣ ነው፣ ይስተካከላል። ካልሆነም ገና ሲጀምር ማወቁ ይሻልሃል።"

"ስታወሪ እናትሽን ነው የምትመስዪው።"

"እሷም ክኒኑን ዋጥ ትልህ ነበር።"

ምላጩን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ኮቱን ለበሰ፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ ኮሌታውን አስተካከለ።

"እኔስ?" አሉ ጄኔራሉ፤ አረፋው አገጫቸው ላይ መድረቅ ጀምሯል። "ግማሹስ?"

"ስመለስ።"

"ብትረሳኝስ?"

አባቴ በሩን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር።

"የአሁኑን ሆን ብዬ ነው የተውኩት" አለኝ። "ለሐኪሙ ስትነግሪው ከቅድሙ ጋር እንዳትቀላቅዪብኝ።"

ወጣና እኔንም እዚያው ከነዳቦዬ ትቶ በሩን ዘጋው፤ ይኼኛው ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን ግን አልነገረኝም።