ቅቤና ዶቅዶቄ

እትየ እህተ ማርያም ዝም ብለው አያውቁም። ቡሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ውሃ ሲቀዱ ያወራሉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ ያወራሉ፣ ሰው ሲጠፋ ከድመታቸው ጋር ያወራሉ፣ ድመቷ ሰልችቷት ስትወጣ ደግሞ ከእንዝርቱ ጋር። ጎረቤት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ሲነካካቸው፣ «እኔ አፍ የገባ ዝንብ መውጫ አያጣም፣ ሁሌ ክፍት ነው!» ይላሉ።

እኒህ ሴትዮ እንግዲህ አንድ ቀን አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘጉ። የዘጉትም መናገር በነበረባቸው ቀን ነው።

ጊዜው ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ የሸሸ ሰሞን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ገና አልጠራም። መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር። አንድ ማለዳ ከወጀት የመጣ ነጋዴ የእትየን በር አንኳኳ። የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ያኔ ወጀት ነበር የምትባለው።

«አልጣሽ ልካኝ ነው» አለ ነጋዴው ገና ሳይቀመጥ። «ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሰማንያ ቀኗ ዛሬ ይሞላል።»

እትየ እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። አልጣሽ የሟች ጓደኛቸው የወለተ ሐና ልጅ ናት። ከወለተ ሐና ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ ስትሞትም እጇን ይዘው «ልጅሽ ሴት ስትወልድ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ» ብለው ቃል ገብተውላታል። አልጣሽ ደግሞ ሁለት ልጆች ሰማንያም ሳይሞሉ ቀብራለች። ይቺ ሦስተኛዋ ናት፣ የሞላላት።

«እንዴት እስከ ዛሬ ሳይነገረኝ!»

«በየት በኩል እንንገርዎ? መንገዱ ዝግ ነበር። ብቻ አልጣሽ ምን አለች መሰለዎ፣ ቅዳሴ እስኪገባ እጠብቃቸዋለሁ፣ ካልደረሱ ጎረቤቴ ደስታነሽ ታነሳታለች፣ ምን ላድርግ፣ ቀኑን ማሳለፍ አልችል።»

በሁዳዴ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጥምቀቱ ከቅዳሴው በፊት። በእግር አይደረስም። በቅሏቸውን ጣሊያን አምና ወስዷታል። ቀረች እንግዲህ አንዲት ነገር፤ የይሄይስ ዶቅዶቄ።

ይሄይስ የእትየ የእህት ልጅ ነው። ድሮ በቅሎ ጭኖ የሚነግድ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ጣሊያን በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ቀምቶ እሱንም ያለ ደመወዝ ሲያስጭነው ከረመ። ጣሊያን ሲሸሽ አንዷን ዶቅዶቄ ገደል ከቷት ሄደ። ይሄይስ ጎትቶ አወጣት፣ ከተጣለ በርሜል ጋዝ ቀዳላት፣ የበቅሎ ቃጭል አንገቷ ላይ አንጠለጠለላትና «ካሳዬ ናት» አለ። አንድ አመል ብቻ አላት። አንዴ ከቆመች፣ ከቁልቁለት ላይ ካልተገፋች አትነሳም።

«በሷ ላይ?» አሉ እትየ፣ ዶቅዶቄዋን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «በዚች እሳት በሚተፋ ሆዷ ላይ? በዚህ ፀሐይ?»

«እትየ፣ ወይ በሷ ነው ወይ በደስታነሽ።»

ከደስታነሽ ጋር ድሮም አይዋደዱም፤ ስሟ ሲነሳ ነገሩ አለቀ።

እትየ ለሙቀትና ለራስ ምታት የሚያውቁት አንድ መድኃኒት አላቸው፤ ቅቤ። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ጣል፣ ሻሽ ጠምጠም፣ ከዚያ ፀሐይዋ እንዳሻት ትሁን። ግን ሁዳዴ ነው። እና ሮጠው ነፍስ አባታቸውን ቄስ ወልደ ዮሐንስን ጠየቁ።

«ጠጉር አይጾምም» አሉ ቄሱ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ለራስ ምታትሽ ስል ፈቅጃለሁ። ግን እወቂ እህተ ማርያም፣ አንዲት ጠብታ ከንፈርሽን ካለፈች ገደፍሽ ማለት ነው።»

«ገድፌማ ልጅ ከጥምቀት ውሃ አልቀበልም አባቴ! እንኳን ቅቤ ውሃም አልቀምስ።»

እናም ከወትሮው እጥፍ ቅቤ አናታቸው ላይ ከመሩ። ነጭ የሕፃን ቀሚስና ማተቡን በጨርቅ ቋጠሩ። ወፍራም ጋቢ ደረቡ። ለቤተ ክርስቲያን ነውና ማነስ የለም። ከይሄይስ ኋላ በቅሎ ላይ እንዳሉ ተፈናጥጠው፣ እንዳይወድቁ በመቀነታቸው ከወገቡ ጋር ተቋጠሩ። የይሄይስ ጎረምሳ ጓደኞች ከቁልቁለቱ ገፏቸው። ዶቅዶቄዋ ሳለች፣ ጮኸች፣ ተነሳች። እትየም ጮኹ። ቃጭሉም ጮኸ። ቡሬ ሁሉ ወጥቶ አየ።

ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ አለ። ይሄይስ ድልድዩ አፍ ያለው ቁልቁለት ላይ አቆማትና ጋቢውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሳይጨምቀው ለበሰው።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እትየ፣ የበረሃ መንገድ ስንሄድ ቅላችንን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ነበር በቅሎ ላይ የምናንጠለጥላት። ነፋስ ሲነካው ውሃው ቀዝቅዞ ጥርስ ይነቅል ነበር። እኛስ ከቅል በምን እናንሳለን? ጋቢዎን ይንከሩት፣ ዶቅዶቄዋ ነፋሱን ትሰጠናለች።»

«ቅልስ አንተ ነህ! እንደ ራሰች ድመት ተንጠባጥቤ ልጅ ላነሳ? ቅቤዬ ይበቃኛል።»

«ቅቤው ይቀልጥብዎታል።»

«ሊቀልጥ አይደል የሚቀቡት! ንዳ!»

ነዳ። ቁልቁለቱ ነበርና ያለ ገፊ ተነሳች። እትየ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር። ስለ ወለተ ሐና፣ ልጅ እያሉ ሰርቀው ስለበሏት አገዳ፣ ስለ ደስታነሽ ድምፅ። ይሄይስ በዶቅዶቄው ጩኸት ምንም አይሰማም፤ ብቻ «አዎ እትየ» ይላል።

ከዚያ መንገዱ ሜዳ ላይ ወጣ። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ፀሐይዋ ከላይ፣ የዶቅዶቄዋ ሆድ ከታች። ቅቤ እኮ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ነው የሚቀባው፣ ጥላ ስር ተቀምጠህ ጥጥ እየፈተልክ። ይሄ ግን ባንዴ ቀለጠ። መጀመሪያ አንገታቸው ላይ አንድ መስመር ወረደ። ቀጥሎ በጆሯቸው ስር። ቀጥሎ ግንባራቸውን አለፈና በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ቁልቁል መጣ። ወደ ከንፈር።

እትየ ስለ አገዳው እያወሩ መሃል ላይ አፋቸውን ከደኑ።

ቅቤው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ቆመ። በዚያ ላይ አቧራ ተለጠፈበት። ልጥረገው እንዳይሉ አንድ እጃቸው ይሄይስን ይዟል፣ አንዱ የሕፃኗን ቀሚስ። በትከሻቸው ሊጠርጉ ቢሞክሩ ይባስ ብሎ ወደ አፋቸው ገፋው። አሁን ትንሽ ቢከፍቱ፣ አንዲት ቃል ብትወጣ፣ ጠብታዋ ትገባለች። ገደፉ። ወለተ ሐናን አታለሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው በአፍንጫቸው ብቻ ተነፈሱ።

ይሄይስ ትንሽ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ጎደለው። ጀርባው ላይ የነበረው ወሬ የለም።

«እትየ?»

ዝም።

«እትየ፣ ሙቀቱ በዛብዎ?»

«እምም!»

«ኧረ ያናግሩኝ! ደስታነሽ እኮ ድምጿ ያምራል ይላሉ!»

ይሄን ብሎ ጠበቀ። ምላሽ የለም።  ዞር ብሎ ቢያይ ፊታቸው በአቧራና በቅቤ ጭቃ ሆኗል፣ ዓይናቸው ፈጧል፣ ከንፈራቸው አንድ ላይ ተሰፍቷል። ይሄይስ በሲራራ ዘመኑ ፀሐይ የመታው ሰው አይቷል። መጀመሪያ ምላሱ ይታሰራል፣ ከዚያ ይወድቃል። እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት እኒህ ሴትዮ ናቸው።

«ፀሐይ መታብኝ! አክስቴን ፀሐይ መታብኝ!» ብሎ ዶቅዶቄዋን ሳያቆም በሜዳው ላይ አዞረና ወደ ቡሬ፣ ወደ መድኃኒት አዋቂ ተመለሰ።

እትየ ያዩትን ማመን አቃታቸው። ወጀት ከኋላቸው እየራቀች ነው! «እምምም! እም!» እያሉ በክርናቸው ጀርባውን ደበደቡት።

«አይዞዎት እትየ፣ ያንቀጠቅጣል፣ አውቃለሁ!» አለና ነዳጁን ጨመረበት።

በጭንቅላታቸው መቱት። ባሰበት። ማሳ ዳር የቆመ አንድ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ «አሮጊት ጠልፎ ሄደ!» ብሎ ተጣራ። እትየ ከቅቤው ጋር እንባ ተጨመረባቸው። አፌን ልክፈት? ብከፍት ይመልሰኛል፣ ግን በገደፈ አፌ ምን ብዬ ልጅቷን ልቀበል? ብዘጋ ደስታነሽ ታነሳታለች። ከንፈራቸው ራሱ ተንቀጠቀጠ። ግን አልተከፈተም።

ያ ወንዝ ደረሰ። ይሄይስ ውሃ ሊያርከፈክፍባቸው ድልድዩ ዳር ቀጥ አደረጋት። መቀነቱን ገና ሲፈታው፣ ፀሐይ የመታቸው ሴትዮ ቋጠሮውን ደረቱ ላይ ወርውረው እንደ ፍየል ዘለሉና ከነጋቢያቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ራሳቸውን ነከሩ። ፊታቸውን በአሸዋ ፈተጉ፣ አጠቡ፣ ደግመው ፈተጉ። ከንፈራቸውን በጣታቸው ነካክተው አሸተቱ። ቅቤ ቅቤ አይልም። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንተ ጅል! አንተ ቅል ራስ! ማን ታመምኩ አለህ? ቅቤ ነው! አፌ ላይ ቅቤ ነው የነበረው! እንዳልገድፍ ነው የዘጋሁት! ድፍን መንገድ ስደበድብህ በቅሎ እንኳ ዘወር ትላለች! ፀሐይ መታኝ? አንተን ነው የመታህ፣ ያውም ከልጅነትህ! ልጄ ደስታነሽ እጅ ልትገባ ነው፣ ምን ገትሮሃል፣ ግፋ እንጂ!»

ይሄይስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ደግሞ ሳቀ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በመጨረሻ፣ «ይሳደባሉ።»

ዶቅዶቄዋ ቆማለች፤ ቁልቁለት ያስፈልጋታል። በቡሬ በኩል ያለውን ዳገት ሁለቱም ገፉ፣ እትየ ጋቢያቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሲገፉም እየተናገሩ። ላይ ሲደርሱ ተፈናጠጡ፣ ተቋጠሩ፣ ቁልቁል ተለቀቁ። ዶቅዶቄዋ ሳለች፣ ተነሳች፣ ድልድዩን ተሻገረች።

እና ያ ሜዳ ደግሞ መጣ። ያው ፀሐይ፣ ያው የሚያቃጥል ሆዷ። ነፋሱ ግን እርጥቡ ጋቢ ውስጥ ገባና በአንገታቸው ዞረ፣ በጀርባቸው ወረደ። እትየ ትንሽ ቆይተው ተንዘፈዘፉ።

«ይሄይስ!»

«አቤት እትየ!»

«በመጋቢት በረደኝ ብል ማን ያምነኛል?»

«ማንም!»

«እንኳን ቀዘቀዝን። ግን ቅል ነህ ያልኩህን አልመልሰውም!»

ወጀት ሲደርሱ የማርያም ደውል ተደውሏል። አጸዱ በሰው ሞልቷል። ከጥምቀቱ ዳስ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ለቅሶም አይደለም፣ እሪታ። አልጣሽ ፊቷ በላብ ተጠምቋል። «ከጠዋት ጀምሮ በሙቀቱ ለቅሶ አላቆመችም» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ። ደስታነሽ ነጭ በነጭ ለብሳ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«አንቺ ደስታነሽ፣ እጅሽን ሰብስቢ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። በመካከላቸው አሸዋ የፈተገው ቀይ ፊት፣ ግማሽ የደረቀ ጋቢ፣ የተጣመመ ሻሽ። አልጣሽ አየቻቸውና አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

አጥማቂው ቄስ ጎንበስ ብለው ጠየቋቸው። «ጾመዋል?»

«አባቴ፣ የዛሬን ጾም እንደኔ የጾመ የለም። ውሃ ውስጥ ቆሜ ውሃ አልቀመስኩም።»

ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ወለተ ሐና ተባለች። እትየ በነጩ ቀሚስ ተቀበሏት፣ ማተቧን አሰሩላት፣ ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ያቺ ከማለዳ ጀምራ ስትጮህ የዋለች ልጅ፣ ጉንጯ ቀዝቃዛውን ጋቢ ሲነካ አንዴ ተነፈሰችና ዝም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ቅዳሴው ረዥም ነው። ደስታነሽ ቀስ ብላ ተጠጋቻቸው። «እትየ እህተ ማርያም፣ ምነው ዝም አሉ? ደኅና ነዎት?»

ስንት ነገር ነበራቸው ለደስታነሽ የሚነግሯት። አፋቸውን ሊከፍቱ አሉ፣ ቁልቁል ሕፃኗን አዩ። ከንፈራቸው ላይ ጣታቸውን አደረጉና ዘጉት።

ይሄይስ ከወንዶቹ በኩል ሆኖ አያቸው። አሁን አልደነገጠም።