የሰዓት ሠሪው ሚስት ሩጫ

"ቶሎ በይ እንጂ! ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ እኮ!"

ሰዓት ሠሪው ማእዘኑ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የሩጫ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ በሌላው ሚስቱን ነይ ነይ ይላታል። ሚስቱ ግን ከመብራት ምሰሶው ጀምሮ ሩጫዋን ትታ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ በእርምጃ መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ሰዓቱን ተጫነው፤ ቀጭ ብሎ ቆመ።

"ዘጠኝ ከአርባ አንድ" አለ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጎ። "ትናንት ዘጠኝ ከአሥር፣ ከትናንት ወዲያ ስምንት ከሃምሳ። ምን ነካሽ?"

"ምንም።"

"እግርሽን አመመሽ እንዴ?"

"ምንም አልሆንኩም አልኩህ እኮ። ሥራ ይረፍድብኛል፤ እንግባ።"

ገቡ። እሱ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደና ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ የቅዳሜን ሣጥን በእስክሪብቶ ሞላ። እሷ ደግሞ ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

እንግዲህ ይህ ሰው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ችግሩ ሰዓት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮው ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል የኖረ ሰው ምን ይሁን? ስንት ሰዓት ነው ሲሉት ሰከንዱን ጨምሮ ስለሚናገር የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ "ሰከንድ" ይለዋል። አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ስልክ ጠጋኝ ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ደቂቃ እንዲቆጥር ተወራርዶት ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስ በስልኩ ሰዓት ሲታይ የተሳሳተው በአንድ ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱ ግን እስከ ዛሬ የተሳሳተው ስልኩ ነው ባይ ነው።

ሚስቱ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል የሰው ጭንቅላት እየገባ ሲጮህባት ኖራለች። ማታ ራሷን እያመማት ትመለስና በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራው ትተኛለች፤ አባትና ልጅ በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ። አምና ነው አንዲት ነርስ ጓደኛዋ "እስኪ ነይ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሩጥ" ብላ ጎትታ የወሰደቻት። ከዚያ ስትመለስ ፊቷ በላብ ታጥቦ፣ በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች ነበር። ምን እንዳሳቃት ሲጠይቋትም አላወቀችውም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብቻዋን ትወጣለች። በትምህርት ቤቱ አጥር አድርጋ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ዞራ ወደ ማእዘኑ ትመለሳለች። ራስ ምታቱ ለቀቃት። ይባስ ብሎ ወጥ ቤት ውስጥ መዝፈን ጀመረች። ድምፅ የላትም፤ ዜማውንም ታጣምመዋለች። ሰከንድ ግን እሷ ስትዘፍን ራዲዮኑን ይቀንስ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ደስታ ቤቱ ውስጥ ሲገባ እሱም ድርሻ እንዲኖረው ፈለገ፤ ሰው ነውና። አንድ ቀን አብሯት ወጣ። መብራት ምሰሶው ድረስ ሮጠና ምሰሶውን አቅፎ ቀረ።

"ሰው የሚሮጠው ሌባ ሲያባርር ወይ ውሻ ሲያባርረው ነው" አላት፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። "እኔ ሌባም ውሻም የለብኝም።"

መሮጥ ካልሆነለት ያለውን ነገር አመጣላት፤ ያለው ደግሞ ሰዓት ነው። ማንኛውም ሰዓት ሠሪ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ሰዓቶች የሚያስቀምጥበት መሳቢያ አለው። ከዚያ ውስጥ አንዲት የሩጫ ሰዓት አወጣ። ሠርቶ ከጨረሳት ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የሚወስዳት ግን ጠፍቷል። የደንበኛ ዕቃ መጠቀም በሙያው ነውር ነው፤ እያፈረም ቢሆን ኪሱ ከተታት።

መጀመሪያ ላይ ሚስቱም ደስ አላት። "ስንት ገባሁ? ስንት?" ትል ነበር። እሱ ሠንጠረዡን በማስመሪያ አስምሮ በአራት ሚስማር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። በሁለተኛው ወር ስምንት ከአራት ገባችና ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ከዚያ በኋላ አትክልት ሻጯ ሳትቀር "ዛሬስ ስንት ገባሽ?" ትላት ጀመር። ከስምንት ከአራት በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር። ዘፈኑም ቆመ። ሰከንድ ሁሉን ነገር ከነሰከንዱ የሚያውቅ ሰው ሆኖ፣ ዘፈኑ የቆመው በየትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም።

ሚስቱ ለሥራ ከወጣች በኋላ ልጃቸው ሻይዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ወደ ነገሩ መግባት ስትፈልግ ማንኪያ ታማስላለች።

"አባዬ፣ እማዬ ጫማዋን ሰጠችኝ።"

"የቱን ጫማ?"

"የሩጫውን ነዋ። ገና ላቡ እንኳ አልደረቀም። 'ከፈለግሽ አድርጊው፣ ካልፈለግሽ ለፈለገው ስጪው፤ ከእንግዲህ አልሮጥም' አለችኝ። እኔ ደግሞ ከምሮጥ ፈተና ሁለቴ ብፈተን ይሻለኛል።"

"አልሮጥም? ለምን?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" አለችና ግድግዳውን አየች። "ማታ ራሷን አስራ ነው የተኛችው። አላየህም?"

አይቷል። ብርድ የመታት መስሎት ነበር። እነዚያ በእግር ጣት የሚራመዱባቸው ማታዎች ተመልሰው ሊመጡ ነው ማለት ነው፤ እነሱን ደግሞ ከምንም በላይ ይፈራቸዋል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ሱቁ የበር ስፋት ያላት ናት። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ተክሎ አንዲት የሴት ሰዓት ፈታ፣ ገጠመ፣ መልሶ ፈታ። አንዲት ብሎን ጠፍታበት ስትፈለግ ከጫማው ሥር ተገኘች። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቱታ የለበሱ ሰው የተጨማደደ ደረሰኝ ይዘው መጡ።

"ይቅርታ፣ በጣም አረፈድኩ መሰለኝ" አሉ። "የስፖርት መምህር ነኝ። ጡረታ ልወጣ ስል 'ንብረት አስረክብ' ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ አንዲት የሩጫ ሰዓት አለች።"

ሰከንድ ደረሰኙን አየ። መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ምን ያደርጋል፣ ሰዓቷን ከራሱ ኮት ኪስ አወጣት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"እያ... እየሞከርኳት ነበር።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ባለቤቴ ትሮጣለች። ሰዓት እየያዝኩላት ነው እንጂ ሌላ..." አለ።

መምህሩ ሳቁ። "ይበሉ ግድ የለም፤ ሥራ አልፈታችም። እሳቸውስ እንዴት ናቸው፣ ይፈጥናሉ?"

"ይፈጥኑ ነበር።" ሰከንድ ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አነሳ። "መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዱ ሩጫ ሲወድ ሌላው የሚጠላው ለምንድነው? ሳንባ ነው? እግር ነው?"

"እርስዎ ይጠላሉ?"

"እንደ ጉድ!"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ሰከንድ አሰበ። ብዙ ማሰብም አላስፈለገውም። ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረው ሲጨርሱ አስተማሪያቸው ሁሉንም አሰልፎ ከሴቶቹ ፊት ውጤት አነበበ።

"አርባ ሦስተኛ ወጣሁ" አለ። "ከአርባ ሦስት ልጅ። ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ።"

"አዩ፣ ቁጥሩን እስካሁን ይዘውታል።" መምህሩ ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። "አንደኛ ክፍሎችን ደወል ሲደወል አይተዋቸው ያውቃሉ? ሩጡ የሚላቸው የለም፣ ግን አንዱም አይራመድም። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ግማሾቹ 'እንዳይሮጥ' የሚል የሐኪም ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል። መሀል ላይ ማን አለ? እኔ ነኝ ያለሁት። እኔና ይህቺ" አሉና ሰዓቷን በጣታቸው መቱ።

"ታዲያ ሰዓት መያዝ መጥፎ ነው?"

"ኧረ እሱስ አይደለም። ቁጥር ካልሰማ የማይነሳ ልጅ አለ፤ አንድ ሰከንድ ቀነስክ ሲሉት የሚበር። ሌላው ደግሞ ዝም ብለው ሲተዉት ነው የሚሮጠው፣ ቁጥር የጠሩበት ቀን ይሞታል። የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ። ስለይ ጡረታ ደረሰ!"

"እርስዎስ ሩጫ ይወዳሉ?"

"እኔ? ወይ ጉድ! እኔ ፊሽካ ይዞ መቆም ነው የምወደው።"

መምህሩ ሰዓታቸውን ይዘው ሄዱ። ሰከንድ ባዶውን ኪሱን ሲዳብስ ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋ። ስልክ ጠጋኙ ብቅ ብሎ "ምነው ሰከንድ፣ ሰዓትህ ቆመ እንዴ?" ቢለውም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አለፈው።

ሚስቱ ስትመጣ ወጥ ቤት ተቀምጦ አገኘችው። ግድግዳው ላይ አራት የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

"ወረቀቱስ?" አለች።

"አነሳሁት። ሰዓቷንም ባለቤቷ መጥቶ ወሰዳት።"

"እንግዲህ ሌላ ትፈልጋለሃ።"

"አልፈልግም። ጫማሽን ሰጠሽ አሉ።"

ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። እስካሁን ሻሽ አላሰረችም፤ ግንባሯን ግን በጣቷ ታሻለች።

"ምን ላድርግ?" አለች። "ቀኑን ሙሉ ቁጥር ነው የምሰማው። የካርድ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ የወረፋ ቁጥር። ጠዋት ስሮጥ ጆሮዬ ውስጥ ማንም አልነበረም። ትንፋሼ ብቻ ነበረ። አንተ መጣህና እሱንም ቆጠርክብኝ። አሁን ከአልጋ ስነሳ ጀምሮ ይጨንቀኛል፣ ልክ የካርድ ክፍሉን መስኮት ልከፍት ስል እንደሚሆነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? ማእዘኑ ላይ ቆመህ እንደዚያ ደስ ብሎህ ሳይህ!"

ሰከንድ ይህን ሲሰማ ገባው። ለአራት ወር እሷን ደስ ያሰኘ እየመሰለው፣ ለካ እሷ ናት እሱን ደስ ለማሰኘት ስትሮጥ የኖረችው።

"ነገ አንድ ቀን ብቻ ውጪ" አላት። "ለእኔ ብለሽ አይደለም። ካልተመቸሽ ትተዪዋለሽ።"

"ስንት ልግባልህ?"

እንዲህ ብላ ስታበቃ ራሷም ደነገጠች። ወዲያው ተነስታ እራት መሥራት ጀመረች። አልዘፈነችም። ሲመሻሽ ልጅቷ ጫማውን ጋዜጣ ጠቅጥቃበት በሩ ሥር አስቀመጠችው።

እሑድ ንጋት ላይ ሰከንድ ሲነቃ ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ክር እያሰረች ነበር። ትንፋሹን ውጦ የተኛ መሰለ። "እንደነቃህ አውቃለሁ" አለችው። "ከመጣህ ና፤ ሹራቤን ትይዝልኛለህ።"

ተነሳ። የእጅ ሰዓቱን ፈታና ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠው። ገላውን ሲታጠብ ካልሆነ ፈትቶት አያውቅም፤ እጁ ቀለለውና ደጋግሞ ዳበሰው። ማእዘኑ ላይ ሲደርሱ ሹራቧን ሰጥታው ሄደች።

መንገዱ ባዶ ነው። የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ መዝጊያውን ወደ ላይ ይገፋል። ሰከንድ ሹራቡን አቅፎ ወፎች ለማየት ሞከረ፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ለማየት ሞከረ። ምን ዋጋ አለው! ጭንቅላቱ ገና እሷ እግሯን ስታነሳ ጀምሮ መቁጠር ይዟል። ሌላ ነገር አስባለሁ ቢል፣ ስለ ኪራይ ቢያስብ፣ ስለ ልጁ ቢያስብ፣ ከሥር ቀጭ ቀጭ ማለቱን አልተወም። ሦስት ደቂቃ። አምስት። ሰባት ላይ በማጠራቀሚያው በኩል ብቅ አለች።

መብራት ምሰሶው ጋ ትቆማለች ብሎ ጠበቀ። አልቆመችም። ምሰሶውን አልፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ፀጉሯ ከማስያዣው አምልጦ መጣች። ከመጣችም በኋላ ሁለት እርምጃ አልፋው ነው የቆመችው። ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች።

"ስንት ገባሁ?" አለች፣ ቀና ሳትል።

ሰከንድ በሕይወቱ ስንት ሰዓት ነው ተብሎ አላውቅም ብሎ አያውቅም። ቁጥሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ደስታው ደረቱን ሊያፈነዳው ነው፤ ለዳቦ ቤቱም፣ ለአትክልት ሻጯም፣ ለስልክ ጠጋኙም ቢጮህ ደስ ባለው።

"እኔ እንጃ" አለ። "አላየሁም።"

ቀና አለች። እጁን ይዛ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገችና ሰዓቱ የነበረበትን ነጣ ያለ ቆዳ አየች። ከዚያ ፊቱን አየች፣ ረዘም አድርጋ።

"አላየህም?"

"አላየሁም አልኩሽ እኮ።"

ሳቀች። "እንግዲያው አንድ ዙር ልድገመው" አለችና ሹራቧን ሳትቀበለው መልሳ ሮጠች። የአጥሩን ጥግ ልትይዝ ስትል ያን የተጣመመ ዘፈኗን ከትንፋሿ ጋር እየቆራረጠች ስታንጎራጉር ሰማት።

ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ነበር። እስከ ዛሬ አልነገራትም።