ውሃ ያዘለች ድንጋይ

የጂኦሎጂ ክፍላችን ኃላፊ ሪባን ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ የሚመረቅ ነገር ካለ መቀስ ይዞ የማይደርስበት ቦታ ስለሌለ። ድንጋይ ግን አያውቅም። ዲግሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እውቀቱ የት እንደተሰቀለ እንጃ። እንዲህ ስል ደግሞ አዝኜለት አይደለም፤ ንቄው ነው።

መምህሬ ጡረታ ወጥተውም ድንጋይ መልቀም አልተዉም። በአንድ የባዛልት ገደል፣ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ ትቶት በሄደው አውራ ጣት በሚያህል ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ክሪስታል አገኙ። ዚዮላይት ከሚባሉት ማዕድናት ወገን ናት፤ በአለቱ ስንጥቅ ያለፈ ሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ የሠራት፣ ያንኑ ውሃ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቿ አዝላ የቀረች። እንደሷ ያለ ከዚያ በፊት አላየንም። ዓይነቷን የሚለየው የኤክስሬይ ማሽኑ ነው፤ ተራችን ደግሞ ሰኞ ነበር። የመምህሬ ልብ ደክሟል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። «ማን መሆኗን ሳላውቅ እንዳልሞት ብቻ» ይሉኝ ነበር። እኔም እንዳትደርቅ እርጥብ ጥጥ ካለበት ብልቃጥ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኳት።

አርብ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሪባን ብልቃጡን ከፍቶ ክሪስታሏን የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሚያቃጥል አምፖል ሥር አስቀመጣት።

«አምፖሉ ያደርቃታል። ውሃዋ ከወጣ ትፈርሳለች» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ድንጋይ አይስክሬም ነው እንዴ?» አለና የሳጥኑን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

ሰኞ ጠዋት መምህሬን ደግፌ ስገባ ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው በየወንዙ ዳር የሚረገጥ ኳርትዝ ነበር። መምህሬ አንዴ አይተው «ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ።

ሪባን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጋሼ፣ ያው ነጭ ናት፤ እንግዶቹም ወደዋታል» አላቸው። «የእርስዎዋማ ሰው ሊገባ ሲል ዱቄት ሆና ተገኘች። መጀመሪያውንም ጥራት አልነበራትም መሰለኝ።»

እኔ ልናገረው ስል መምህሬ በእጃቸው ከለከሉኝ። ፊታቸው እንዲያውም በራ።

«ዱቄት ብትሆን ምን አለበት፤ ማሽኑም የሚፈልጋት ተፈጭታ ነው። ዱቄቱን አምጣልኝ።»

«ዱቄቱን?» አለ ሪባን። «እንግዳ ሊገባ አቧራ ላሳይ ነው? በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት።»

«ጨርቁስ?»

«ታጥቧል» አለ፣ በኩራት።

መምህሬ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ተማሪዬ ሳለህ ፈተናውን ያሳለፍኩህ እኔ ነኝ» አሉት። «ይበለኝ።»