የድምፅ መጋረጃ

የእኔ መስኮትና የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ናቸው። ፊት ለፊት ስል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ባቡሩ የሚሄደው በትልልቅ ምሰሶዎች ላይ ስለሆነ፣ የተሳፋሪው መቆሚያና የእኔ ሦስተኛ ፎቅ እኩል ለእኩል ናቸው። መሀላችን ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲያዛጋ ጥርሱ ይታየኛል። ሲሠሩት ማንም አላማከረኝም። አንድ ሰሞን ከመስኮቴ ማዶ ሰማይ ነበረኝ፣ በሌላው ሰሞን ሲሚንቶ ሆነ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ለዚያው ስል የራሴን መስኮት ጋርጄው አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የምታሰማ እሷው መኪናዋ ናት። ልጅ አልወለድንም። የእህቴ ልጅ ትደውልልኛለች፣ ትባረክ፤ ግን «አክስቴ ደህና ነሽ አይደል?» ትልና እኔ አፌን ሳልከፍት «ጎሽ፣ ደህና ሁኚ» ብላ ትዘጋዋለች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዝምታው ራሱ ያደክማል። ሰፈሩ ሁሉ የባቡሩ ጩኸት አሳበደን ሲል እኔም ለሰው ይምሰል አብሬ አማርራለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ጠዋት ጠዋት መቆሚያው ላይ ሰው ግጥም ሲል የእኔም ቤት የሞላ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ኮሌታ ነበር። ስሙን አላውቀውም፣ ኮሌታ ብዬ የሰየምኩት እኔው ነኝ። ጎልማሳ ነው፣ ጥቁር ቦርሳ ይይዛል። ከመስኮቴ ትይዩ ይመጣና ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ ኮሌታውን ያስተካክላል። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ ይላል። በሥርዓት ያደገ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት ልብሱን ያስተካክል የለ? እኔም መቀሴን አስቀምጬ እጅ እነሣለሁ። እሱ ባቡሩ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ሌላ ነገር የለም። ግን ያን ቀን አንድ ሰው ሰላም ብሎኛል፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም የማወራው፣ ማስረጃ አለኝ። አንድ ቀን የሸሚዙ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁት። ቁልፍ ተንጠልጥሎ አይቶ ማለፍ እኔ አይሆንልኝም። ደረቴን በጣቴ እየነካሁ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» አልኩት። በማግሥቱ ተሰፍቶ መጣ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉንፋን ጥሎኝ ሰንብቼ የተነሣሁ ዕለት፣ ጠጋ ብሎ ዐይኑን አጥብቦ ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆየ። አለሁ፣ አለሁ አልኩት በእጄ። ያን ቀን ስዘፍን ነው የዋልኩት።

ታች ፀጉር ቤት ላላት ጎረቤቴ ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት እንጃ። የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች በሳቅ ፈረሰች። «እትዬ፣ ታዲያ ቬሎሽን መቼ ነው የምትሰፊው?» አለችኝ። ዝም በይ፣ ብወልድ ልጄን የሚያህል ሰውዬ ነው ብዬ ገሠጽኳት። እኔም የፈለግሁት ሌላ አልነበረም፤ በቀን አንዴ የሚያየኝ ሰው እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነው።

እንዲህ እያለ ነው እንግዲህ የሰፈሩ ስብሰባ የተጠራው። የነዋሪዎቹ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የባቡሩ መሥሪያ ቤት የድምፅ መጋረጃ እንዲያደርግልን እንጠይቅ አለ።

መጋረጃ ሲል ጆሮዬ ቆመ። የባቡሩን መስመር ተከትሎ ያለው መስኮት ሁሉ ድቅን አለብኝ። ድምፅ የሚያፍን ወፍራም መጋረጃ ለዚያ ሁሉ ቤት! በዚህ ሰፈር ደግሞ ከእኔ ሌላ መጋረጃ ሰፊ የለም። በስብሰባ ላይ ተናግሬ የማላውቅ ሴትዮ፣ ያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ አልኩ። ወፍራም መሆን አለበት አልኩ፤ ገበር ያስፈልገዋል፤ ከላይ እስከ ታች መድረስ አለበት፤ በጎንና በጎኑ ክፍተት ከተተወ ድምፁ በዚያ ይገባል፣ ልፋቱም ከንቱ ነው። ቀለሙንም ሳልተው ግራጫ ይሁን፣ አቧራ ይችላል አልኩ። ሲያጨበጭቡልኝ! ሊቀመንበሩ ከእህታችን የተሻለ ያስረዳ የለም ብሎ አሳቡን በእኔ ንግግር ቋጨው። ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ መኪናዬንም ዘይት ቀባኋት።

የመጣው ብረት ነው።

አንድ ጠዋት ሠራተኞች ከመቆሚያው ወዲያኛው ጫፍ ጀምረው ትልልቅ ግራጫ ብረት እያቆሙ በቡሎን ያስሩ ጀመር። ከላይ እስከ ታች ይደርሳል። ክፍተት የሚባል የለውም። ወደ እኔ የቀረበውን ሠራተኛ በመስኮት ጠርቼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አልኩት። የድምፅ መጋረጃ ነው እማማ፣ ነገ እርስዎ ጋ እንደርሳለን፣ ከእንግዲህ እንቅልፍዎን ይለጥጣሉ አለኝ፤ የምሥራች ያበሠረኝ መስሎታል።

ወደ ሊቀመንበሩ ሮጥኩ፤ በእኔ ጉልበት ሩጫ ከተባለ። እኔ ያልኩት የጨርቅ መጋረጃ ነው ስለው መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እትዬ፣ ክፍተት አይኑረው ያሉት እርስዎው አይደሉ እንዴ?» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ ምን ይጎድልብዎታል፣ ፀጥታ ነው የምናገኘው አለኝ። እኔ የፀጥታ ችግር የለብኝም ብዬው ወጣሁ። ሌላ ምን ልበለው? አንድ የማላውቀው ሰው በየጠዋቱ ሰላም ይለኛል፣ እሱን ልትጋርዱብኝ ነው ብዬ እንዴት ልንገረው?

ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። የከነከነኝ ኮሌታ ምን ይላል የሚለው ነው። ይቺ ሴትዮ ሰልችቻት ነው ያስጋረደችኝ ቢልስ? ደግሞ ያስጋረድኩትስ እኔው አይደለሁም? ስለዚህ ቆረጥኩ። ብረቱ ከመድረሱ በፊት እዚያው ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ። በጨርቅ ነው የመሰለኝ፣ አይቀየሙኝ፣ ከብረቱ ጀርባ አለሁ እለዋለሁ። ከፈለገም ቤቴን አሳየዋለሁ፤ ሸሚዙን ይዞ ብቅ ቢል ደግሞ አልጠላም።

ጣቢያው ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ደረጃው ለጉልበቴ አይሆንም፤ ሊፍቱም በምርቃቱ ዕለት ባለሥልጣናቱን አወጣና አረፈ። የክት ልብሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ በየእርከኑ እያረፍኩ ወጣሁ። ሠራተኞቹ ቀድመውኛል፤ ከመስኮቴ ትይዩ ያለው ብቻ ነው የቀራቸው። ኮሌታ እዚያች ክፍተት ላይ ቆሞ እጁ ኮሌታው ላይ ነው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና እንደምን አደሩ አልኩት።

ደንገጥ ብሎ ዞረ። ደግ ፊት አለው፤ ጠጋ ሲሉት ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ግን አላወቀኝም። እግዚአብሔር ይመስገን አለኝና ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ያዝኩብዎት መሰለኝ፣ ይቅርታ። እዚህ ጋ ይቁሙ እናቴ፣ እዚህ ጋ ነው ጥርት አድርጎ የሚያሳየው።»

«ምኑ?»

«መስታወቱ» አለና በአገጩ መስኮቴን አሳየኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። የጠዋት ፀሐይ መታው እንጂ ያው መስኮቴ ነው። ግን መኪናዬ የለችም፣ ወንበሬም የለም። ጣቢያው ነው ያለው፤ ቦርሳ የያዘ ሰውዬና አጠገቡ የክት ልብስ የለበሰች አሮጊት ቆመዋል። ማን እንደሆነች እስካውቃት ቆየሁ።

ወሬ ይወዳል፤ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሚስቱና ልጆቹ እንዳይነቁበት መብራት ሳያበራ ነው የሚለብሰው። ሥራ ቦታው ተዝረክርኮ እንዳይገባ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀው ይሄ መስኮት ነው፤ ኮሌታውን አያለሁ፣ ጥርሴን አያለሁ፣ አንዴ ቁልፌ ሊበጠስ ሲል ያየሁት እዚሁ ነው አለኝ። ዛሬ ሊጋርዱት መሆኑ ቆጭቶታል፤ ምናለ ይቺን እንኳ ቢተዉልን አለ። እኔ ብረቱን ተደገፍኩ።

ማን የሚኖርበት ይመስልዎታል አልኩት።

«እሱን እንኳ አስቤው አላውቅም» አለ። «ባዶ ቤት ይመስለኛል። ሰው ቢኖርበት እስካሁን መጋረጃ ያደርግለት ነበር።»

ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው ብዙ ነው፤ ስድብም መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሰውየው ምን በደለኝ? የራሱን መልክ ነው ያየው።

«ሰው አለበት» አልኩት።

እኔን ላለማስቀየም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ከፀሐይዋ ተከልሎ፣ አጥብቆ ተመለከተ። ከልቡ ነው የፈለገው።

«እኔስ ማንም አይታየኝም፣ እናቴ» አለ።

እውነቱን ነው፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። ባቡሩ መጣ። ደህና ይዋሉ ብሎኝ ገባ፤ በሩ ሲዘጋም ስልኩን አውጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ብረት ተሸክመው መጥተው እማማ ፈቀቅ ይበሉልን አሉኝ፤ ፈቀቅ አልኩላቸው።