ክሩን የነካ እጅ

ዶን ኢላሪዮ ጀልባ ነጂውን ኒካኖርን የሰደበው ከዓመታት በፊት፣ የካርሜኗ እመቤት በዓል በተከበረ ማግስት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ገብተው ታስረዋል፣ ዶኛ ማክሎቪያም የጀልባ ማረፊያው ራስጌ ላይ ለሽያጭ ዓሣ ትጠብሳለች። ኢላሪዮ ያኔም የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ፣ በግራ እጁ የተገመጠ ማንጎ ይዞ ነበር። ኒካኖር ማንጎውን እንኳ አልረሳውም።

"ኒካኖር! ያን ባንዲራ ለዓሣ ነው የሰቀልከው ወይስ ዛሬ ልብስ የምታጥብበት ቀን ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማክሎቪያ ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሲዋታኔሆ በምትባለው በዚህች የወደብ ከተማ፣ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ባለሸራው ዓሣ አይገደልም። ለማጥመድ ከፍሎ የመጣው እንግዳ ይታገለዋል፤ ዓሣው ጀልባው ጥግ ሲደርስ የጀልባው ሰው ጎንበስ ብሎ ከመንጠቆው በላይ ያለውን ወፍራም ክር በእጁ ይነካል። ከነካ ተያዘ ይባላል፣ ዓሣው ይለቀቃል፣ ወደ ወደብ ሲመለሱም ባንዲራ ይሰቀላል። ሳይነካ ካመለጠ ምንም የለም። ነገሩ ሁሉ በሰው ቃል ላይ የቆመ ነው።

ያን ቀን ኒካኖር ነክቷል። በሁለት ጣቱ ቢሆንም ነክቷል። እንግዳው ግን ዘንጉን ታቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ "እናቴ ድረሽልኝ" ይል ስለነበር፣ ሲጠየቅ "እኔ ምንም አላየሁም" አለ። ከዚያ ወዲህ ኒካኖር ስሙ ጠፋ። በረዶ ሻጩ "ባዶ ባንዲራ" ይለዋል፣ ነዳጅ ቀጂውም እንዲሁ። ባንዲራውን ከወንበር ሥር ወሽቆ ዳግመኛ አልሰቀለም። እንግዶችም ባንዲራ አይተው ነው ጀልባ የሚመርጡት፤ "እልኸኛዋ" የተባለችው የእሱ ጀልባ አጠገብ ሲደርሱ አልፈዋት ይሄዳሉ።

ዘንድሮ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት በረጋበት በአንድ የየካቲት ጠዋት፣ ኒካኖር ብቻውን ማጥመጃ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች ሲለቅም የኢላሪዮ ጀልባ ሞተር ነጮቹ ቋጥኞች ዘንድ ቀጥ አለ። ሌላ ጀልባ በአካባቢው ቢኖር ኖሮ እሱን አይጠራውም ነበር።

"ኒካኖር፣ ወንድሜ! እንግዳዬን አሳፍርልኝ!"

ወንድሜ! ኒካኖር ምራቁን ወደ ባሕሩ ተፋ።

"ይግቡ፣ ዶን ኢላሪዮ" አለ። በአፉ ሁልጊዜ እርስዎ ይለዋል፤ በሆዱ የሚለውን እሱ ያውቃል።

ኢላሪዮ ረዳቱን ከተበላሸው ጀልባ ጋር ትቶ፣ ዶክተር ኡሩቲያ የሚባሉ የጓዳላሃራ ከተማ የጥርስ ሐኪም ይዞ ተሻገረ። ብዙም ሳይርቁ አንድ ባለሸራ ማጥመጃውን ዋጠ። ዘለለ፣ ሰማያዊ ሸራው በፀሐይ አብለጨለጨ። ዶክተሩ እያለከለኩ ታገሉት፣ ታገሉት፣ ጀልባው ጥግ አደረሱት።

"አንተ መሪውን ያዝ፣ ክሩ የኔ ነው!" አለ ኢላሪዮ።

ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋ። እጁ የሄደው ግን ክሩ ወደሌለበት ነው፤ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ዓሣው ራሱን አንድ ጊዜ ነቀነቀ፣ መንጠቆው ወለቀ፣ ክሩ ላላ።

"ነካሁት!" አለ ኢላሪዮ ቀና ብሎ።

ዶክተሩ በላብ የደበዘዘ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። "ተቆጠረ?"

"ተቆጠረ እንጂ፣ ዶክተር! እንኳን ደስ ያለዎት!"

ኒካኖር የኢላሪዮን እጅ አየ። ከጣቱ እስከ ክርኑ ደረቅ ነው።

ዶክተሩ ከጀልባው ፊት በኩል ተቀምጠው ቢራቸውን ሲከፍቱ ኢላሪዮ ወደ መሪው ተጠጋ።

"አይተሃል አይደል?" አለ በቀስታ። "ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ልጆቼ እንኳ አያውቁም። ይኸ ከተሰማ ደግሞ ጀልባ መንዳት አበቃልኝ። እንዲህ እናድርግ፦ አንተ ነክቷል በል፤ እኔ ደግሞ ያኔ ኒካኖር ነክቶ ነበር እላለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ።"

"ያኔ ነክቼ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

"በጀልባዬ ከኋላህ ነበርኩ። ጥርት አድርጌ ነው ያየሁህ።"

ኒካኖር መሪውን ወደ ወደቡ አዞረ። አንዲት ኤሊ ወፍ በጀርባዋ አሳፍራ በአጠገባቸው አለፈች።

"ታዲያ ለምን?"

"እንግዳው ሁሉ ወደ አንተ ይነጉድ ነበራ። ደግሞ ቀልድ ነበር። ቀልድ ይህን ያህል ይቆያል ብዬ መቼ አሰብኩ?" ጉሮሮውን ጠረገ። "ባንዲራ የለህም?"

ኒካኖር በእግሩ ወንበሩን አመለከተ። ባንዲራው የሞተር ዕቃ ተጠቅልሎበት፣ ጫፉን አይጥ በልታው ወጣ።

"ራስዎ ይስቀሉት" አለ።

ማረፊያው ላይ የነበሩት ሰዎች ባንዲራ የተሰቀለባትን ጀልባ ያዩዋት ገና ከሩቅ ነው። በረዶ ሻጩ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

"ባዶ ባንዲራ! ደግሞ ጀመረህ?"

"ተወው እባክህ" አለች ማክሎቪያ ዓሣዋን እያገላበጠች፣ "ሳሙና ረክሶ ይሆናል!"

ሳቁ ሳያበቃ ኢላሪዮ ማረፊያው ላይ ወጣ። "ዝም በሉ! ክሩን የነካሁት እኔ ነኝ። ኒካኖር አይቷል፣ ጠይቁት። ደግሞም ያኔ..."

አልጨረሰውም። ቅድሚያ ያንተን አምጣ እንደሚል ሰው ኒካኖርን ጠበቀው። ሌሎቹም ወደ ኒካኖር ዞሩ።

ኒካኖር ገመዱን በእርጋታ አሰረ። ነክቷል ቢል ስሙ አሁኑኑ ይመለሳል፤ "ባዶ ባንዲራ" የሚለው ስድብ ግን ከዚህች ሰዓት ጀምሮ እውነት ይሆናል። አልነካም ቢል ሽማግሌው አለቀለት። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ በአልጋው ላይ ተጋድሞ ተመኝቷት ነበር! አሁን ምላሱ ላይ ነበረች፤ በኢላሪዮ ዓይን ላይ ያለውን ነጭ ነገር አየና ጣዕሟ ጠፋበት። ይቅር አላለውም። ይቅር ማለትም አላማረውም።

ዶክተሩን እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። ባርኔጣውን አጠለቀ፣ የማጥመጃውን ባልዲ አነሳ። ባንዲራው የሰቀለው ሰው እንደሰቀለው ቀረ።

"ኒካኖር" አለች ማክሎቪያ። በስሙ ስትጠራው ለራሷም ሳይገርማት አልቀረም። "ነካ ወይስ አልነካም?"

ዓሣው መጥበሻው ላይ ይንጫጫል። ኢላሪዮ እጁን ከሸሚዙ ሥር ደበቀ። ኒካኖር በመሃላቸው አልፎ፣ ባልዲውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውሮ፣ ዳገቱን ወደ ቤቱ ተያያዘው።