የኒካኖር ቢላ

ኤቬሊዮ ከትምባሆ ቅጠል ማድረቂያው ጎጆ ጀርባ ቆሞ የሰማው ንግግር ነው። አርባ ዓመት ስላለፈው ግማሹ ጠፍቶበታል። ለሲጋር ጠቅላዮቹ መጽሐፍ የሚያነብላቸው የፋብሪካው አንባቢ ካሲያኖ፣ «ልጅህ እኮ ድምፅ አለው፣ ኒካኖር» ማለቱን ያስታውሳል። አባቱም ከተንጠለጠለው ትምባሆ መሃል፣ «ድምፅማ አለው። ምን አጥቶ ያውቃልና ነው ስለ ፍቅር የሚዘፍነው? ቢላዬን አላንኳኳለትም» አለ። መጨረሻው ላይ «ለጊዜው» ብሎ ይሆን? ዘፋኝ ከሆነም በኋላ በሃቫናም በካራካስም መድረክ ላይ ያቺን አንዲት ቃል ሲፈልጋት ኖሯል።

ወጣት ሳለ ሲጋር ይጠቀልልበት ወደነበረው፣ ኩባ ፒናር ዴል ሪዮ ከተማ ወዳለው የፋብሪካ አዳራሽ ዛሬ ተመልሷል። ከአሁኗ አንባቢ ወንበር አጠገብ፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ ቆሟል። እዚህ ሠራተኛው እየጠቀለለ የሚሰማውን እጅ እያወጣ በድምፅ ብልጫ ይመርጣል። ሲነበብላቸው የሰነበተው ልብ ወለድ ሠርጉ ላይ ስለደረሰ ኤቬሊዮ ያሸነፈው በአራት ድምፅ ብቻ ነው።

«ሙሽሪትማ ነገም ታገባለች» አለ ወፍራሙ ሬምቤርቶ። «አንተን ግን ለማየት ሌላ አስር ዓመት መጠበቅ ሊኖርብን ነው።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጠው የሰማንያ አንድ ዓመቱ ኒካኖር አልሳቀም። ለሠርጉም ለልጁም እጁን አላወጣም ነበር።

ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። የወደዱትን፣ ቅጠል የሚቆርጡበትን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላ ከፊታቸው ባለው መቁረጫ ጣውላ ላይ በጎኑ እየመቱ ያመሰግኑታል። ያልወደዱት እንደሆነ ቢላዋን ወለሉ ላይ ይጥሏታል። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም።

ኤቬሊዮ ያለ ጊታር ጀመረ። ዘፈኑን ገና ማንም አልሰማውም። በዚሁ አዳራሽ ሠላሳ ዓመት የትምባሆ ቅጠል ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የመሃል ጅማቱን ስትነቅል ስለኖረች ሴት ነው፤ ስለ እናቱ ስለ ኤዱቪሄስ። በቀብሯ ቀን እሱ ካራካስ ነበር።

የዘፈኑ ሦስተኛ አንጓ ላይ ሲደርስ ከፊት ጠረጴዛ ቢላ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የሁሉም እጅ ባለበት ቀረ። የኤቬሊዮም ድምፅ ተቋረጠ። በልቡ ስመ እግዚአብሔርን ጠርቶ ወረደ፤ ቢላዋን አንስቶ በሸሚዙ ጠርጎ ጣውላው ላይ መለሳት። ያን ጊዜ ነው የአባቱን ጣቶች ያየው። በመሃላቸው እስከ ግማሽ የተጠቀለለው ሲጋር ተፈትቶ ተበትኗል።

«አልጣልኳትም» አለ ኒካኖር ቀና ሳይል። «አመለጠችኝ።» ቢላዋን ወደ ራሱ ስቦ፣ «የቱ ላይ ነው ያቋረጥከው?» አለ።

«እማማ ቅጠሉን ጉልበቷ ላይ ስትዘረጋ።»

«ከዚያ ቀጥል።»

ኤቬሊዮ እዚያው ከአባቱ ጎን ቆሞ ጨረሰው። ከዚያ ከፊት ጠረጴዛ ቀስ ያለች አንድ ምት ተሰማች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ወዲያው መቶ ሃያ ቢላ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ አዳራሹን አናወጠው። የትምባሆ ብናኝ ከየጠረጴዛው ተነሣ። ሬምቤርቶ ዓይኑን እየጠረገ ብናኙን ረገመ።

ጋብ ሲል ኤቬሊዮ ባለፉት ዓመታት መጥቶ እንዲሰማው አባቱን በየደብዳቤው እየጠየቀ እንቢ የተባለውን ደግሞ ጠየቀ። ቅዳሜ በከተማው ቲያትር ቤት ይዘፍናል፤ የፊት ወንበር አስይዟል።

ኒካኖር የተበተነውን ቅጠል እየሰበሰበ አሰበበት።

«እዚያ በባዶ እጅ ነው አይደል የሚጨበጨበው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ በባዶ እጅ አላውቅበትም። ጣውላዬን የሚሸከምልኝ ካገኘህ እመጣለሁ።»

ሬምቤርቶ ብድግ አለና የጣውላውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ለካ።