ውሃ ያልነካው እጅ

...ገመዱን ላላ አድርጋ መያዝ አለባት፣ እዮብ ደጋግሞ ነግሯታል፣ ላላ አድርጊው ሰጊ፣ የእጅሽ ጭንቀት በገመዱ በኩል ይደርሰዋል፣ ይደርሰዋል እንዴ፣ እንግዲያው ይህ ውሻ ከወለደቻት እናቷ ይበልጥ ያውቃታል ማለት ነው፣ ከባሏ ከሐብታሙም ይበልጥ። ላላ። ጣቶቿ እሺ አይሏትም።

መቻል እግሯ ሥር ጋደም ብሎ ያለከልካል፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተሸረፈ፣ የሞጣ መናኸሪያ ያሳደገው ውሻ፣ ዛሬ ግን ተከትቦ፣ ታጥቦ፣ አራተኛ ክፍል ፊት እንደ ክቡር እንግዳ ተጋድሟል። ያመጣው እዮብ ነው፣ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣው የእንስሳት ሐኪም፣ በትርፍ ጊዜው ውሻውን ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል፣ ጠዋት የልዩ ፍላጎት ክፍል ነበሩ፣ ከሰው ጋር የማይነጋገረው ፋንታ ጭንቅላቱን የመቻል ጎን ላይ አስደግፎ እስኪደወል አልተነሣም፣ እሷም ገመዱን ይዛ ቆማ ነበር፣ ላብ በላብ ሆና። መምህርቷ ሰገነት ናት፣ ስለ ውሻ ለልጆቹ የምትናገረው እሷ ናት፣ ለምን እኔ ብትለው፣ አንቺ አትፈሪማ አላት። እምቢ የምትልበት አፍ የላትም፣ ዓይን አፋር ናት፣ እሺ አለች። አትፈሪማ።

ውሻ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ ትላለች፣ ድምፅዋ ደኅና ነው፣ እንሮጣለን ቲቸር፣ አይ፣ ድንጋይ እናነሣለን ቲቸር፣ አይ አይ፣ ገና ጎንበስ ስትሉ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፣ የሞጣ ውሻ ጎንበስ ካለ ሰው ደግ ነገር አይቶ አያውቅም፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጅ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ መሬት፣ ዝም። ሁሉም ይቆማሉ፣ ክፍሉ ምሰሶ ብቻ ይሆናል። ቲቸር፣ እሱም ፈተና ይፈተናል እንዴ፣ ይላል ገብረ ማርያም ከፊት ወንበር፣ ይፈተናል፣ ካንተም ይበልጣል፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ሳቅ። ብትነከሱስ። ሳቁ ይበርዳል። ወዲያው በውሃና በሳሙና፣ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ ለትልቅ ሰው መንገር፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ መርፌ፣ ሳይውል ሳያድር። ይህን በተናገረች ቁጥር ቀኝ ጭኗ ላይ፣ ከጉርድ ቀሚሷ ሥር፣ ያ ቦታ ይሞቃታል። መንገር። አንቺ ለማን ነገርሽ።

አሁን በየተራ ይዳስሱታል፣ መጀመሪያ የያዘውን ሰው ጠይቁ፣ እጃችሁን ያሽትት፣ ከአናቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ ቀስ፣ ውበቴ የምትባለው ልጅ ተራዋ ሲደርስ መቻል ይነሣል። የሹራቧን እጅጌ ያሽታል፣ ቀኙን፣ እስከ ጣቷ ጫፍ የተጎተተውን፣ አሽትቶ አይተወውም፣ ልጅቱ ምሰሶ ሆናለች፣ ከሁሉም የበለጠች ምሰሶ፣ ጎበዝ ውበቴ ይላል እዮብ፣ ኧረ ጉብዝና አይደለም፣ ጎበዝ ሰው ይተነፍሳል። ጠዋት በግራ እጇ ስትጽፍ አይታታለች፣ ፊደሉ ሁሉ ተጋድሞ፣ ምን ሆነሽ ሳትላት አለፈች፣ አለፈቻት። ገመዱን ሳብ ታደርጋለች።

ደወል። ውሻ የነካ እጁን ይታጠብ፣ ቧንቧው ጋ ሰልፍ፣ ግፊያ፣ ጩኸት፣ ውሃ መረጫጨት፣ ውበቴ ግን ከሰልፉ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ፣ ጠብታ እንዳይነካት ትከሻዋን ሰብስባ፣ ወደ አጥሩ።

ያንን ትከሻ ታውቀዋለች። የራሷ ነው። ቢቸና ነው፣ ልጅ ናት፣ ጥምቀት ነው፣ ሰዉ ሁሉ የተባረከው ውሃ ይድረሰኝ ብሎ ይጋፋል፣ እናቷ ነይ እንጂ ሰገነት፣ ተረጪ እንጂ ትላለች፣ እሷ ከዋርካው ጀርባ፣ በደረቅ ቀሚስ፣ ይህችን ልጅ ዓይን አፋርነቷ ከጠበልም ያስቀራት ጀመር ትላለች እናቷ ለጎረቤት። ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ አይንካው፣ በሽታው ውሃ ሲያገኝ ይነሣል፣ ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምታለች፣ ልጅ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤታቸውን ጋሽ ሽታሁንንም ሰምታለች። ውሻ ነክሷቸው ከአጥራቸው ማዶ ጎጆ ውስጥ በጠፍር ታስረው፣ ውሃ በጣሳ ሲቀርብላቸው የጮኹትን ጩኸት፣ ከዚያ ዝም ያሉትን፣ ዝምታው ከጩኸቱ ሲከፋ። ብዙም ሳይቆይ እሷንም ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ውሻ ነከሳት፣ ጭኗን፣ የሚያሳፍር ቦታ፣ ብትናገር ልብስሽን ግለጪ ይሏታል፣ ገልጣ ስታበቃ ያስሯታል። ዝም አለች። አመድ ነሰነሰችበት፣ ዳነ፣ ውሻው ጤነኛ ነበረ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሐብታሙ ከተጋቡ በኋላ ይህ ጠባሳ ምንድን ነው ቢላት የሽቦ አጥር ነው አለችው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ስትነሣ ከሁሉ በፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ትወስዳለች፣ ይወርዳል ወይስ አይወርድም ብላ፣ ወረደ፣ በሽታው ዛሬም አልመጣም። ዲግሪ አላት። በሽታው ይህን ያህል ዘመን አድፍጦ እንደማይቆይ አንብባለች፣ ጉሮሮዋ ግን አላነበበም።

ምነው ሰጊ ይላል እዮብ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፣ ያቺን ልጅ ልጥራት እንዴ። አትጥራት። ሐኪም ሲጠራት ከሰማች አጥር ዘላ ትጠፋለች፣ ጎተራ ሥር ገብታ ትውላለች፣ እሷ ውላለች፣ ታውቃለች። ገመዱን ታስረክበዋለች። ትሄዳለች።

ውበቴ። አቤት ቲቸር። እጅሽን አሳዪኝ። ብርድ ነው ቲቸር፣ በርዶኝ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እጁ ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ የልጅቱ ዓይን አጥሩን ይለካል፣ አንድ ቃል ብትስት ትሮጣለች፣ የቱን ቃል፣ መርፌ የሚለውን አይደለም፣ እናትሽ የሚለውንም አይደለም፣

አያስሩሽም።

ከየት እንደወጣ አታውቅም። ልጅቱ ቀና ትላለች። ማንም አያስርሽም የኔ ልጅ። እጅጌዋን ይበልጥ ትጎትታለች፣ ለማንም አትናገሪብኝ ቲቸር፣ በሞቴ፣ ከትናንት ወዲያ ነው፣ ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፣ ድንጋይ ላነሣ ጎንበስ ስል ነው፣ ግን አላጠብኩትም ቲቸር፣ ጠብታ አልነካውም፣ ትላለች፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ እንደመጣች ሁሉ። ኧረ አምላኬ። ነይ እንጠበው። እምቢ፣ ይነሣብኛል። አይነሣም። አንቺ በምን ታውቂያለሽ።

በምን ታውቂያለሽ። ግቢው ሙሉ ልጅ ነው፣ እዮብ ውሻውን ይዞ ቆሟል፣ ዘበኛው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሷ ስትወልድ እንኳ መብራቱን አጥፉልኝ ያለች ሴት ናት፣ ጉርዷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው፣ ሐብታሙ ይሰማል፣ የሽቦ አጥር፣ ከተማው ይሰማል፣ አትፈሪማ ያለውም ያያል፣ ይየው፣ እጇ ጠርዙን ይዟል፣ እየሰበሰበ ነው፣ ባቷ፣ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ በላይ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ገላ፣ ጥርስ የተተከለበት ጥቁር ጠባሳ።

እኔንም ነክሶኛል። ቢቸና፣ አንቺን ሳክል። ለማንም አልተናገርኩም።

ተናገረችው። ቆማለች፣ መሬቱም አልተከፈተም።

ውበቴ ጠባሳውን ታያለች፣ ፊቷን፣ መልሳ ጠባሳውን። ውሃ ትጠጫለሽ። እጠጣለሁ። ይወርድልሻል። ይወርድልኛል። እስቲ ጠጪ።

ወደ ቧንቧው ይዛት ሄዳ፣ ልጆቹን ዞር በሉ ብላ ትከፍተዋለች፣ እዮብ ብላ ትጣራለች፣ ሳሙና፣ ሳሙና አምጣና ሆስፒታል ደውል፣ መርፌ እንፈልጋለን በላቸው፣ ጮክ ብላ፣ እንዲህ ጮክ ብላ ሰው አዛ አታውቅም፣ እፍኟ ይሞላል፣ ቀዝቃዛ፣ ዝገት ዝገት የሚል፣ ወደ አፏ፣ ልጅቱ ዓይኗን የሰገነት ጉሮሮ ላይ ተክላለች፣ ያንኑ ቦታ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት በጣቷ የምትዳብሰውን፣ ሌላ ሰው ሲጠብቅላት ዛሬ ገና ነው፣ ይወርዳል ወይስ

ወረደ፣ ትላለች ውበቴ።

እና እጅጌዋን ወደ ላይ መሰብሰብ ትጀምራለች፣ አመድ የጋገረበት ትንሽ እጅ ከሹራቡ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ወደ ውሃው ይገባል።